ይቅር አላልኩትም፣ አደርሰዋለሁ እንጂ

ኦፓል ስቲድሃም ዕድሜዋን ሙሉ የተማሪ አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ ወጣች። ያን ጊዜ መሪ ከእጇ ከወጣ ይህች ሴት እንደማትከርም የገባው ሰው ነበር መሰለኝ፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ሚኒባስ ቁልፍ ሰጧት። ከዚያ ወዲህ እሁድ በመጣ ቁጥር የሎረል ፎርክን ሸለቆ ሽቅብ ቁልቁል እያለች መኪና የሌለንን፣ ዓይናችን የፈዘዘውን፣ ጉልበታችን የከዳንን ከየበራችን ትለቅመናለች። የኔ ቦታ ከሾፌሩ በስተኋላ ያለው መስኮት ጥግ ነው። ስለዚህ የምነግራችሁን አብዛኛውን የሰማሁት ከሰው አይደለም፤ በጆሮዬ ሰምቼ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ደግ ሰው ሁሉ ለስላሳ ይመስላችኋል? ኦፓልን አላያችኋትም። አጭር ናት፣ ድምፅዋ ግን ተራራ ያሻግራል። በር ስትከፍት ትቆጣለች፣ ስትዘጋ ትቆጣለች። ቀበቶ ማሰር የረሳ ሰው ካለ ሞተሩን አጥፍታ መንገድ መሀል ትቆማለች። ግማሹ አገር ልጅ ሆኖ በእሷ አውቶቡስ ተመላልሷል፤ ዛሬ ፂም ያወጣው ሁሉ ከሩቅ ሲያያት ሳያውቀው ወገቡን ያቀናል።

ዌንደል ፕሩይት የእህቷ ባል ነበር። ታናሽ እህቷን ጄኔቫን አግብቶ ሲኖር በቤተ ክርስቲያናችን መዝሙር የሚመራው እሱ ነበር፤ ወፍራም ድምፁ ወለሉን ያንቀጠቅጠዋል። ጥፋቱ መጠጥ ነው። ጄኔቫ ታማ አልጋ ስትይዝ ባሰበት። ስትሞት አጠገቧ አልነበረም፤ ቀብሯም ላይ ያየው የለም። አስከሬኗን ያለበሰችው ኦፓል፣ ለቀስተኛውን በር ላይ ቆማ የተቀበለችው ኦፓል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ሲያጋጥማት እንደ አጥር እንጨት አይታው ታልፋለች።

ከዚያ የዓመቱ መሰባሰቢያ በዓላችን ዋዜማ ላይ ጉድ ፈላ። ግቢው ውስጥ ለምሳ የተሠራ የእንጨት ዳስ አለን። ሕፃናቱ ከሥሩ ሲጫወቱ ቆይተው ሐብሐብ ተቆርጧል ተብለው ወደ ወጥ ቤቱ እንደሮጡ፣ ዌንደል ጠጥቶ ፒክአፑን እያበረረ መጣና ዳሱን ደርምሶት ገባ። ሰው አልተነካም። ግን ያን የተፈለጠ ጣውላ ያየች እናት ሁሉ ያን ሌሊት ልጇን አቅፋ ነው ያደረችው። ዌንደል ታሰረ፣ መንጃ ፈቃዱም ተቀማ።

ተፈቶ ሲመጣ ስብሰባ ተጠራ። ዲያቆን ሆባርት ቶሊቨር ተነሥተው፣ «በጉባኤ ፊት ቆሞ ይናዘዝ፣ ከዚያ እናያለን» አሉ። እህታቸው ማክሲን ደግሞ «ከዚያ እናያለን» የሚለውም አልጣማትም። ማክሲን የሰው ኃጢአት ከሩቅ ይሸታታል፤ የወጣቶቹን ቀሚስ ርዝመት፣ የማን መኪና የማን በር ላይ እንደቆመ፣ ማን ጸሎት ላይ እንዳንቀላፋ፣ አንድም አያመልጣትም።

ዌንደል ባርኔጣውን ይዞ ከኋላ ተነሣ። «ኃጢአቴን ለእግዚአብሔር ነግሬዋለሁ» አለ። «ማክሲን እንደገና መስማት ካማራት እሱን ትጠይቀው።»

ማን ያረጋጋን! በመጨረሻ የተወሰነው ይኼ ነው፦ መምጣት ይችላል፤ ከኋላ ይቀመጣል፤ መዝሙር አይመራም።

«እንዴት ነው የሚመጣው ግን?» አለ ወጣቱ ፓስተራችን ብራንት ኬስለር። የዌንደል ቤት ከሸለቆው አናት ነው።

«እግር ተሰጥቶታል» አሉ ዲያቆን ሆባርት።

 በሚቀጥለው እሁድ ከአናቱ ስንወርድ ዌንደል ከረባቱን አስሮ በመንገዱ ጠርዝ በእግሩ ሲያዘግም አገኘነው። ኦፓል አልፋው ሄደች። እኔም ደግ አደረገች አልኩ በልቤ። ትንሽ እንደሄደች ፍሬኑን ረገጠችና ሁላችንም ወደፊት ተወረወርን። መሪውን በጥፊ መታችው፤ የኋላ ማርሽ አስገብታ እያጉረመረመች ተመለሰች። በሩን ከፈተችው።

«ግባ።»

«በእግሬ መሄድ እችላለሁ፣ ኦፓል።»

«ትችል እንደሆነ መቼ ጠየቅኩህ? ግባ፣ ከኋላዬ መኪና እየመጣ ነው!»

ገባ። መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቀጥለን ማክሲን ደጃፍ ደረስን። ማክሲን አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ዌንደልን አየችው፤ እግሯን መልሳ አወረደች።

«ኦፓል፣ ይህ መኪና የቤተ ክርስቲያን ንብረት ነው።»

«ነው። ባዶ ወንበርም አለው።»

«ወይ እሱ ይሄዳል ወይ እኔ እቀራለሁ።»

«እንግዲህ ማክሲን፣ በየሳምንቱ በሰዓቴ ደጃፍሽ እቆማለሁ። ሁለቴ ክላክስ አደርጋለሁ። ካልወጣሽ እሄዳለሁ። በሩን ልቀቂው፣ ሙቀቱ ወጣ።»

ማክሲን ቀረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የወንድሟ ልጅ በራሱ መኪና ያመጣት ጀመር። እሷን ተከትለው ሌሎች ሁለት ሴቶችም ቀሩ። ኦፓል ግን በየሳምንቱ ማክሲን ደጃፍ ቆማ ሁለቴ ታስጮሃለች፤ መጋረጃው ይነቃነቃል፤ እንሄዳለን።

ዌንደል ሲጫን አመስጋኝ የሚሆን መስሏችኋል? ምን በወጣው! «ማርሹን ቶሎ ነው የምትቀይሪው» ይላል። «ይኼ ፍሬን ይጮኻል፣ ማንም አይሰማውም እንዴ?» ይላል። ማሞቂያው በዛ፣ ማሞቂያው አነሰ። ኦፓል የመሪው ቆዳ እስኪላጥ ጨብጣ፣ «ጌታ ሆይ፣ ዛሬን ብቻ» እያለች ትነዳለች። እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ። አንዱ ወገን «ኃጢአትን ታበረታታለች» ይላታል። ሌላው ወገን በር ላይ ጠብቆ እጇን እየጨበጠ «አንቺ እኮ መልአክ ነሽ» ይላታል። የቱ የበለጠ እንደሚያናድዳት ለማወቅ ይቸግራል።

አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን፣ «ኦፓል፣ እንዴት ይቅር አልሽው?» አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ። «ኔልዳ፣ አንቺም ጀመርሽ? ማን ይቅር አለው? ይቅር አላልኩትም፣ አደርሰዋለሁ እንጂ። ማድረስና ይቅር ማለት አንድ ናቸው ያለሽ ማነው?»

በመከር አንድ እሁድ የማክሲን የወንድም ልጅ መኪና አልነሣም አለው። ክላክሱ ሁለቴ ሲጮህ ማክሲን አዲስ ሐምራዊ ቀሚሷን ለብሳ ብቅ አለች፤ እኔን እንኳ ሰላም ሳትል ፊት ወንበር ላይ ተሰየመች። ያን ቀን ታች ያለው መንገድ በጎርፍ ተቆርጦ ስለነበር ኦፓል መጀመሪያ እኛን ሁለታችንን ብቻ ከታች ለቅማ ወደ አናቱ ወጣች፤ በዚያው በኩል ዞራ ልትወርድ ነው። ዌንደል ግን በመንገዱ ላይ የለም። አስጮኸች። ደግማ አስጮኸች።

«ሰክሮ ነው» አለች ማክሲን። «ማየትም አያስፈልገኝም።»

ኦፓል ሞተሩን አጥፍታ ወረደች። እኛም ተከተልናት፤ እኔ ስለፈራሁ፣ ማክሲን ልክ መሆኗን ለማየት። ልክ ነበረች። ዌንደል በረንዳው ደረጃ ላይ ከረባቱን እንዳሰረ ተዘርሯል። ግንባሩ ተፈንክቶ ደሙ ዓይኑ ውስጥ ገብቷል። ውስኪው ከበር ይሸታል።

«ምን አልኩሽ!» አለች ማክሲን። «ከመጀመሪያው ቀን ምን አልኩሽ? ውሻ ወደ ትፋቱ...»

«አልሽኝ! አልሽኝ፣ ማክሲን፣ ልክም ነበርሽ። አሁን ጭንቅላቱን ያዢልኝ፣ ፎጣ ላምጣ።»

«ይኼ ቀሚስ አዲስ ነው።»

«አየሁት፣ ያምርብሻል። ያዢው አልኩሽ!»

ማክሲን ቀሚሷን አየች፣ ደሙን አየች። ለብዙ ዓመት በአረጋውያን መጦሪያ ሽማግሌዎችን ስታጥብና ስታገላብጥ የኖረች ሴት ናት፤ እጆቿ ከእሷ ቀድመው ሄዱ መሰለኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አደረገችው። ቁስሉን በጣቷ ዳሰስ ዳሰስ አደረገች። አፏ ግን ሥራ አልፈታም።

«ዌንደል ፕሩይት፣ ቀጥ ብለህ ሲኦል ነው የምትገባው።»

ዌንደል አንድ ዓይኑን ገለጠ። «አንቺስ የት ነው የምትገቢው? ንገሪኝና ወደ ሌላኛው ልሂድ።»

«አትናገር፣ ደምህ ይፈሳል!»

ኦፓል እርጥብ ፎጣ ይዛ ከቤት ስትወጣ ዌንደል እያለቀሰ ነበር። የሰካራም ለቅሶ ነው፣ አፍንጫና እንባ የተቀላቀለበት። «ጄኔቫ ብትኖር» አለ። «ጄኔቫ ብትኖርልኝ እኮ...»

ኦፓልን እንደዚያ አይቻት አላውቅም።  ከፎጣው የሚንጠባጠበው ውሃ ጫማዋ ላይ ይወርዳል።

«ስሟን በአፍህ እንዳታነሣ! ስትሞት የት ነበርክ? እጇን ይዤ፣ ዓይኗ በሩ ላይ ተተክሎ ‹ዌንደል መጣ?› ትለኝ ነበር። ‹እየመጣ ነው፣ መኪናው ተበላሽቶበት ነው› እላታለሁ። እንደገና ትጠይቀኛለች፣ እንደገና እዋሻታለሁ። እስትንፋሷ እስኪቆም ድረስ ስዋሻት ነበር! ለእህቴ ያልኳት የመጨረሻ ቃል ውሸት ነው፣ ያንተን ውሸት ነው የዋሸሁላት!»

 ዌንደል ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

«ታዲያ ለምንድነው የምትመጪው?» አለ ከሥሩ። «ለምን አትተዪኝም?»

«እኔ ምን አውቃለሁ!» አለች ኦፓል፤ ጮኸችበት። «ቤትህ መንገዴ ላይ ነው! ሰው ዳር ቆሞ እያየሁት አልፎ መሄድ አልቻልኩም፣ አልለመድኩትም፣ አሁን በእርጅናዬ ማን ያስተምረኝ? ብችል ኖሮ መጀመሪያ የማልፈው አንተን ነበር!»

ፎጣውን ማክሲን ላይ ወርውራ ወደ መኪናው ሄደች፤ መሀል ላይ ቆመች፤ ተመልሳ መጥታ በእግሩ በኩል ያዘችው። ሦስታችን ጎትተን አስገባነው። ያን እሁድ አምልኮ ቀረን። ማክሲን ቁስሉን አጥባ አሰረችለት። «ይኼ ወጥ ቤት ነው ወይስ የአሳማ ጋጣ» እያለች እንቁላል ጠበሰች፣ መጥበሻውን ፈትጋ ፈትጋ አጠበችው። ስንወጣ፣ «ብላ፣ ከዚያ ንስሐ ግባ፣ በዚህ ቅደም ተከተል» ብላው ወጣች።

ማክሲን ተለወጠች ልላችሁ አይደለም። ሰኞ እስኪመሽ ሸለቆው በሙሉ የዌንደልን ስካር ከእሷ አፍ ሰምቷል። ሐሙስ ዕለት ግን በወንድሟ ልጅ እጅ ድስት ሙሉ ባቄላና የበቆሎ ዳቦ ላከችለት፤ ከመልእክት ጋር፦ «ድስቱን አጥበህ መልስ፣ አትስከር።» ዲያቆን ሆባርት «ሰካራም ልታስታምም ብላ ምእመናንን ከአምልኮ አስቀረች» እያሉ ኦፓልን ይከሷታል፤ እህታቸውም እዚያው እንደነበረች ሲነገራቸው ወሬ ይለውጣሉ።

ፓስተር ኬስለር ግን ከዚህ ሁሉ ውስጥ ስብከት አገኘ። እሁድ ጠዋት በር ላይ ኦፓል ክንዱን ይዛ፣ «ፊትህ ላይ አንድ ነገር አያለሁ፣ ብራንት። ስሜን ከመድረክ ላይ ብትጠራ ተነሥቼ እወጣለሁ» አለችው። ፈገግ አለ። ስለ ፍቅር መስበክ ጀመረ፤ ደኅና ይሰብክ ነበር። ኋላ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በመካከላችን አንዲት እህት አሉ» አለ። ከጎኔ ኦፓል በጥርሷ መሀል «ተው» ስትል ሰማኋት። «ክፉ ያደረገባቸውን ሰው በፍጹም ልባቸው ይቅር ብለው በየሳምንቱ... እህታችን ኦፓል ስቲድሃም...»

ኦፓል ተነሣች።

«ብራንት፣ ተቀመጥ።»

በተማሪ አውቶቡሱ ልጆቹን የምትቆጣበት ድምፅ ነው። ፓስተሩ ጉልበቱ እጥፍ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ፤ መቀመጫ ስለሌለ ነው የቆመው።

«እኔን ምሳሌ አታድርጉኝ» አለች። «በፍጹም ልቤ አይደለም። በግማሽ ልቤም አይደለም። ያን ከኋላ የተቀመጠውን ሰውዬ መኪናዬ ውስጥ ሲገባ ኩርባው ላይ በሩን ከፍቼ ልወረውረው ያምረኛል። እህቴ ከተቀበረች ጀምሮ ቂሜን እንደ ጥርስ ሕመም ይዤው ነው የምዞረው። ለምትሞት እህቴም ዋሽቻለሁ። እዚህ ቤት ሰው ተነሥቶ እንዲናዘዝ ትፈልጉ ነበር፤ አይደል፣ ወንድም ሆባርት? ይኸው ተናዘዝኩ። ከኋላ ልቀመጥ? ቁልፉን ላስረክብ? ንገሩኛ! ወይስ የሰከረ ብቻ ነው የሚናዘዘው? ቀጣዩ ማነው?»

ማንም ቀጣይ አልሆነም። ዲያቆን ሆባርት የመዝሙር መጽሐፋቸውን ያገላብጡ ጀመር። እኔ ራሴ ጫማዬን ነው ያየሁት።

ከኋላ ወንበር የዌንደል ወፍራም ድምፅ መጣ። «ለእኔስ በየሳምንቱ ትነግረኛለች» አለ።

አንዲት ሕፃን ሳቀች። ከዚያ ሌላ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ የሚያለቅሱም ነበሩ። ማክሲን ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካክላ፣ «ተቀመጪ እንግዲህ ኦፓል፣ ሰምተንሻል» አለች። ኦፓል ግን እወጣለሁ ብላ ነበርና ወጣች። ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ ሞተሩን አስነሥታ ጠበቀችን።

ስንመለስ ማክሲንም ከእኛ ጋር ነበረች። ወደ አናቱ የሚወስደውን ዳገት ስንጀምር ዌንደል ከመጨረሻው ወንበር፣ «ቀብሩ ላይ ነበርኩ» አለ።

ኦፓል ማርሽ ቀየረች።

«ከመቃብሩ አጥር ውጪ። ፒክአፑ ውስጥ ቁጭ ብዬ። ጠጥቼ ስለነበር መውረድ አፈርኩ።»

ኩርባውን ዞረች። «አውቃለሁ» አለች። «ፒክአፑን አይቼዋለሁ።»

«አይተሽኛል? ይኼን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ ለምን አልወረድክም?»

 ደጁ ስንደርስ በሩን ከፈተችለት። ወርዶ ባርኔጣውን በሁለት እጁ እያሽከረከረ ቆመ። «በድዬሻለሁ፣ ኦፓል። እሷንም በድያታለሁ» አለ።

 አንድ ጥሩ ቃል እንድትናገር ነበር የጠበቅነው፣ ታሪክ እንዲያምርልን። ኦፓል ግን ደክሟት ነበር፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ሰማሁህ» አለች። «ዛሬ ግን ሌላ አትጨምርብኝ፣ ዌንደል። ዛሬ በቅቶኛል። ግባና ብላ።»

ከዚያ በኋላ ዌንደል እኔ የማውቀው እንኳ ሁለት ጊዜ ወድቋል። ሁለቱንም ጊዜ ማክሲን እየተሳደበች ሄዳ አጥባዋለች። በጉባኤ ፊት ቆሞ አልተናዘዘም፤ የሚጠይቀውም ጠፋ። በክረምቱ አንድ እሁድ ሳያስፈቅድ ከኋላ ወንበር ሆኖ መዝሙሩን ከሥር ያዘው፤ ወለሉ እንደ ድሮው ተንቀጠቀጠ። ዲያቆን ሆባርት ዞር ብለው አዩት፤ ሊናገሩ ከንፈራቸው ተከፈተ፤ ከዚያ እሳቸውም መዘመራቸውን ቀጠሉ።

የኦፓል ዓይን አሁን ደክሟል፤ የሚነዳው የማክሲን የወንድም ልጅ ነው። ኦፓል ከእኔ ጎን ተቀምጣ እያንዳንዱ ኩርባ ላይ ከእሱ ቀድማ የሌለ ፍሬን ትረግጣለች። ዌንደል የልጁንም አነዳድ አይወደውም፤ በዚህ እንኳ ሁለቱ ይስማማሉ። ባለፈው ድፍረት አግኝቼ ያንኑ ጥያቄ ደገምኩላት፤ አሁንስ ይቅር አልሽው ወይ አልኳት።

«እህ፣ ኔልዳ!» አለች፤ እጇን እንደ ዝንብ ማባረሪያ አወዛወዘች። «ማክሰኞ ማክሰኞ ይቅር ያልኩት ይመስለኛል። እሁድ ሳየው ይጠፋብኛል። እንደገና እጀምራለሁ። ምን ላድርግ ታዲያ?»